ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ

ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። ፍሬውን የያዘው ከረጢት ሲደርቅ ከአናቱ ተሰንጥቆ እህሉን መሬት ላይ ስለሚያፈሰው፣ አጨዳው በጥቂት ቀናት ካላለቀ የዓመቱ ልፋት ለአፈር ይሆናል። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ እርሻው ሰፊ፣ የአካባቢው ጉልበት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከዳባት፣ ከጎጃም ደጋ ወጣቱ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ። ማደሪያው ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ የተጣለ ዳስ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ውኃ በየስርጓዳው የሚያቁርበት፣ የወባ ትንኝ የምትበዛበት ወቅትም ያው ነው።

የቆላው ተወላጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ትንኟ ደጋግማ የነደፈችው ስለሆነ ሰውነቱ በሽታውን መቋቋም ለምዷል፤ ይታመማል እንጂ በቀላሉ አይወድቅም። ከደጋ ወርዶ ቆላ ያደረ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ግን በዚህ በኩል ከሕፃን አይሻልም። መተማ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው፤ ደገኛው ግን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ቆላውን ሲፈራ የኖረው በንዳዱ ነው።

ታማሚው አስቀድሞ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል። ከዚያ አንዳንዱ ላይ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ይቀባዥራል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ በመጨረሻም ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢቆነጥጡት እጁን አይሰበስብም። አብረውት ያሉት "ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት" ይላሉ። መኪና ተፈልጎ ወደ ገንዳ ውኃ ከተማ ይወሰዳል፤ የባሰበት ወደ ጎንደር ይላካል።

ሐኪሞችን ከመቶ ዓመት በላይ ግራ ያጋባው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ስትሮክ የመታው ሰው ደም ያጣው የአንጎሉ ክፍል ስለሚሞት፣ ቢተርፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ግማሽ አካሉ እንደዛለ ይቀራል። ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት ወጣት ግን ሁለት ሦስት ቀን እንደ በድን ተጋድሞ ከቆየ በኋላ፣ መድኃኒቱ ሲሠራለት ዓይኑን ገልጦ ውኃ የሚጠይቅበት፣ በራሱ እግር ወጥቶ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የአንጎሉ ደም ተዘግቶ ከነበረ እንዴት ዳነ? ካልተዘጋስ ለምን ራሱን ሳተ?

የመልሱ ፍለጋ የተጀመረው ከሬሳ ነው። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያዋ ኮንስታንቲን በአንድ ወታደር ደም ውስጥ የሚንቀሳቀስ ተሕዋስ አየ፤ ወባ ከረግረግ መጥፎ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ መፍረስ ጀመረ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) በ1890ዎቹ ደግሞ ኤቶሬ ማርኪያፋቫና አሚኮ ቢኛሚ በሮም ከተማ፣ በወባ ራሳቸውን ስተው የሞቱ ሰዎችን አንጎል እየሸነሸኑ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች፣ ካፒላሪዎቹ፣ ተሕዋሱን በተሸከሙ ቀይ የደም ሴሎች ታጭቀው ነበር።

ለምን አንጎል ውስጥ እንደሚታጨቁ የተብራራው ኋላ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ በአንድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛ አጋማሽ የሴሉን ገጽ በጥቃቅን እባጮች ይሞላዋል፤ በእባጮቹ ላይ የሚያወጣው ፕሮቲን የደም ሥሩን ግድግዳ ይዞ ይጣበቃል። ተጣብቆ የቀረ ሴል የተበላሹ ሴሎችን አጣርታ ወደምታስወግደው ወደ ጣፊያ አይደርስም። ለተሕዋሱ ማምለጫው ይህ ነው። ከጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ደም የበሽታውን ክብደት ሁልጊዜ የማይናገረውም ለዚሁ ነው፤ የበሰሉት ተሕዋስያን እዚያ የሉም፣ ውስጥ ተደብቀዋል። ለአንጎሉ ደግሞ መከራው ይጀምራል። ካፒላሪ ከአንድ ቀይ የደም ሴል የሚሰፋ አይደለም፤ ጤናማው ሴል እንኳ የሚያልፈው ራሱን አጣጥፎ ነው። ጥቂቶቹ ከተጣበቁ ከኋላ የመጡት፣ በመተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ እንደተሰለፉ ከባድ መኪኖች፣ የፊተኛው ካልተነሣ ንቅንቅ አይሉም።

የሮሞቹ ግኝት እስከ ዛሬ አልተሻረም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ሬሳ የሚመሰክረው ስለ ሞተ ሰው ብቻ ነው። ነቅቶ ወደ ቤቱ የሄደው ሰው አንጎል በማንም ምላጭ ሥር አልገባም። የእሱም ደም ሥር ተዘግቶ ነበር? የሞተውን የገደለው መዘጋቱ ነው ወይስ መዘጋቱን ተከትሎ የመጣ ሌላ ነገር? ይህን ለማወቅ የሕያው ሰው አንጎል ውስጥ የሚሄደውን ደም ማየት ያስፈልጋል፤ አንጎል ደግሞ በአጥንት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ነው።

ሣጥኑን ሳይከፍቱ ደሙን ለመለካት በ1940ዎቹ በፊላደልፊያ ሲሞር ኬቲና ካርል ሽሚት ዘዴ አበጁ። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን፣ ለማደንዘዣ የሚያገለግል ጋዝ ለሰዎች ጥቂት በጥቂት አስተነፈሱ፤ ወደ አንጎል በሚገባውና ከአንጎል በሚወጣው ደም ውስጥ ያለውን መጠን እያነጻጸሩ አሰሉ። ጤናማ የአዋቂ አንጎል በደቂቃ ለእያንዳንዱ 100 ግራም 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ የሆነ አካል ልብ ከምትረጨው ደም 15 በመቶ ገደማውን ይወስዳል ማለት ነው። ቁጥሩ ግን የመላው አንጎል አማካይ ነበር፤ የት እንደበዛ፣ የት እንዳነሰ አይናገርም። ያንን ያሳዩት የኮፐንሀገኑ ኒልስ ላሰንና የስዊድኑ ዴቪድ ኢንግቫር ናቸው። ዜኖን 133 የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ በአንገት የደም ቧንቧ አስገብተው፣ በራስ ቅሉ ጎን 254 የጨረር ጠቋሚዎችን ደረደሩ፤ ጠቋሚዎቹ የሰበሰቡትን ኮምፒውተር እያሰላ በቀለም ካርታ ሣለው። ሰውዬው ሲናገር አንዱ ቦታ ይቀላል፣ እጁን ሲያንቀሳቅስ ሌላው። ደም በአንጎል ውስጥ የት እንደሚበዛ በኮምፒውተር ሥዕል መታየቱ ትልቅ እመርታ ነበር።

ለወባ በሽተኛ ግን ምንም አልፈየደም። ወባ ባለበት መሣሪያው የለም፤ መሣሪያው ባለበት ወባ የለም። የዚህ ታሪክ ግማሹ ይህን ርቀት ለማጥበብ የተደረገ ልፋት ነው ብል አላጋነንሁም።

የመጀመሪያው ማጥበቢያ ከድምፅ መጣ። በ1982 ሩነ አስሊድና ባልደረቦቹ በጆሮ ፊት ለፊት ያለው አጥንት ስስ በመሆኑ አልትራሳውንድ ዘልቆት እንደሚገባ አሳዩ። ድምፁ በሚፈሱት የደም ሴሎች ላይ ነጥሮ ሲመለስ ቅጥነቱ ይለወጣል፤ ደሙ ወደ መሣሪያው ሲመጣ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የአንጎል ምስል ሳይሆን ከልብ ምት ጋር የሚነሣና የሚወድቅ የፍጥነት መስመር ነው። መሣሪያው ግን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ጨረር የለውም፣ በሽተኛውም ካልጋው አይነሣም። በ1990ዎቹ ቻርልስ ኒውተንና ባልደረቦቹ በኬንያ የባሕር ዳርቻ በኪሊፊ ይህንኑ ወባ ራሳቸውን ባሳታቸው ሕፃናት ላይ ሞከሩት፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲያይል ወደ አንጎል የሚሄደው ደም እንዴት እንደሚቸገር መከታተል ቻሉ።

ሁለተኛው መንገድ በዓይን በኩል ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። የዓይን ሬቲና ከፅንስ ጀምሮ የአንጎል አካል ሆኖ ያድጋል፤ የደም ሥሮቹም የአንጎል ደም ሥሮች ዘመዶች ናቸው። በብርሃን መመልከቻ ያለ ምላጭ የሚታየው የአንጎል ክፍል እሱ ብቻ ነው። ሱዛን ሌዋለን በ1993 በማላዊ፣ ወባ ራሳቸውን ባሳታቸው ሕፃናት ሬቲና ላይ ያገኙትን ጽፈው አወጡ። ሬቲናው እዚህም እዚያም ነጥቷል፣ ደም የፈሰሰባቸው ነጥቦች አሉ፣ አንዳንዶቹ የደም ሥሮችም ቀይነታቸው ጠፍቶ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ሆነዋል። ተሕዋሱ ሄሞግሎቢኑን ስለበላው ሴሎቹ ገርጥተው፣ በሥሩ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ኋላም ኒኮላስ ቤርና ባልደረቦቻቸው በብርሃን የሚያበራ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በደም ሥር እየወጉ ፎቶግራፍ ሲያነሡ፣ ሬቲናው የነጣባቸው ቦታዎች ደም ያልደረሰባቸው ሆነው ተገኙ። ሮም ላይ በሬሳ የታየው መዘጋት እዚህ በሕያው ልጅ ዓይን ውስጥ ታየ።

የዓይኑ ምልክት ክብደት የታወቀው በ2004 ነው። በማላዊዋ ብላንታየር ለዓመታት የሠሩት ቴሪ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው፣ በሕመማቸው ጊዜ "የአንጎል ወባ" ተብለው የሞቱ 31 ሕፃናትን አስከሬን መርምረው ነበር። ሰባቱን የገደላቸው ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ተሕዋሱ በደማቸው ውስጥ ነበር፤ ገዳዩ ግን እሱ አልነበረም። በሕይወት ሳሉ እነዚህን ሰባት ከሌሎቹ ከለየላቸው ምልክት ሁሉ የበለጠው የሬቲናው ነበር። ይህ ነገር ለመተማም ይሠራል። በጥቅምት ወር ቆላ ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ደም ሲመረመር ወባ ቢገኝበት አይገርምም፤ ግን ማጅራት ገትር ይዞትም ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ከዚያ ትልቁ መሣሪያ ወደ በሽተኛው ሄደ። በብላንታየሩ የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል አንድ ኤምአርአይ ተተከለ፤ ማግኔቱ 0.35 ቴስላ ነው፤ በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች ከተለመደው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጋር ሲነጻጸር ደካማ። ኤምአርአይ በሰውነት ውኃ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን እንብርቶች በማግኔት አሰልፎ በሬዲዮ ሞገድ ይነካካቸዋል፤ የሚመልሱትን ምልክት ኮምፒውተር ቦታ ቦታውን እያስያዘ ሥዕል ያደርገዋል። ከ2009 ጀምሮ ሕፃናቱ እንደገቡ በመሣሪያው መነሣት ጀመሩ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ከ168 ሕፃናት 25ቱ ሞቱ፤ ከሞቱት ውስጥ የ21ዱ አንጎል ገና ሲገቡ ክፉኛ አብጦ ነበር። ከተረፉት 143 ግን ያን ያህል ያበጠባቸው 39 ብቻ ናቸው። ያበጠ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ መሄጃ ስለሌለው ወደ ታች ይገፋል፤ ትንፋሽን የሚያዘው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ልጁም መተንፈስ ያቆማል። በተረፉት ላይ ደግሞ እብጠቱ በቀናት ውስጥ ሲጎድል በተከታታይ ፎቶግራፍ ታየ። እንቆቅልሹ በከፊል ተፈታ ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች በሰላም የሚነቁት አንጎላቸው ስላልሞተ፣ ውኃ ቋጥሮ ስለነበረ ነው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ቀላል ነበር። ግን ብላንታየር የሕፃናት ታሪክ ነው፤ ሰሊጥ አጫጁ አዋቂ ነው።

ጎንደር ወባን ከጥንት ያውቃል። በ1953 በደንቢያ የገባው ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ በጨረሰ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ወባ ነበር። በ2006 የዚያው ተቋም ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ጌታሁን መንግሥቱና ኤርሚያስ ዲሮ፣ በጽኑ ወባ ስለ ታከሙ አዋቂዎች የጻፉት ጥናት ትኩረቱን ያደረገው በአንጎልና በነርቭ ላይ በሚታየው ጉዳት ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጽኑ ወባ የሕፃናት በሽታ ሆኖ ሲጠና፣ እዚህ አልጋውን የሚሞሉት ጎረምሶች መሆናቸው ለቆላው የተለየ ጥያቄ ያስነሣል።

ለአዋቂው የቀረበው ምስክር የመጣው ከህንድ ነው። በኦዲሻ ክፍለ ሀገር በሩርኬላ የብረታ ብረት ከተማ ሆስፒታል ሳንጂብ ሞሃንቲ ከሳሙኤል ዋስመር ጋር ሆነው፣ ሕፃናትንም አዋቂዎችንም በአንድ ኤምአርአይ አነሡ። ከ2017 እስከ 2021 ባወጧቸው ጥናቶች እብጠቱ በሕፃናት ላይ እንደሚብስ፣ ዕድሜ ሲጨምር እንደሚቀንስ ታየ። የሞቱት አዋቂዎች አንጎል ግን ያን ያህል አላበጠም። ታዲያ ምን ገደላቸው?

መልሱን የሰጠው የውኃን እንቅስቃሴ የሚለካው የኤምአርአይ ዘዴ ነው። በጤናማ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የውኃ ሞለኪውሎች ያለማቋረጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሴል ኦክሲጅን ሲያጣ ጨውን ወደ ውጭ የሚገፉት ፓምፖቹ ይቆማሉ፤ ውኃው ወደ ሴሉ ይገባል፣ ገብቶም ይታፈናል። ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴው የቀነሰባቸውን ቦታዎች ለይቶ ካርታ ይሠራል። ካርታው ደሙን ራሱን አያሳይም፤ ደም የቀረበትን አካል ነው የሚያሳየው፤ ስትሮክ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። በሩርኬላ የሞቱት አዋቂዎች ካርታ ላይ የኦክሲጅን እጥረቱ በአንጎሉ ሰፊ ክፍል ተንሰራፍቶ ታየ። ሕፃኑን የሚገድለው ግፊቱ ከሆነ አዋቂውን የሚገድለው ረሃቡ ነው።

የሮሞቹ የድሮ ሐሳብ፣ የደም ሥር መዘጋት፣ በዚህ በኩል ተመልሶ መጣ። በ2008 አርየን ዶንዶርፕና ባልደረቦቻቸው ከባንግላዴሽ ያቀረቡትም ይህንኑ ይደግፋል። አንጎሉን ማየት ስላልተቻለ ትንሽ የብርሃን ካሜራ በበሽተኛው ፊንጢጣ አስገብተው የአንጀቱን ግድግዳ ካፒላሪዎች ቀረጹ (ወደ አንጎል የሚያደርስ መንገድ ሁሉ ከላይ አይጀምርም)። በቪዲዮው ላይ አንዱ ሥር ውስጥ ደሙ ሲጋልብ፣ አጠገቡ ያለው ቆሞ ይታያል። የተዘጉት በበዙ መጠን በሽታውም ጽኑ ነበር።

ልዩነቱ የሕክምናም ጉዳይ ነው። የአንጎል እብጠት ሲጠረጠር በየቦታው የሚታዘዘው ማኒቶል ውኃን ከአንጎል ስቦ ያወጣል። በ2011 ሞሃንቲና ባልደረቦቻቸው በአዋቂዎች ላይ ሞክረውት የሞት ቁጥር አልቀነሰም፤ በሽተኞቹም ከኮማ እስኪነቁ የቆዩበት ጊዜ ረዘመ። እብጠት ያልሆነውን በእብጠት መድኃኒት ማከም አልሆነም። በተረጋገጠ መንገድ ሞትን የቀነሰው ሌላ ነው፤ በ2005 ውጤቱ በታተመው የአራት የእስያ አገሮች ሙከራ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት ከኩዊኒን ጋር ሲነጻጸር ሞትን በ35 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አርቴሱኔት ተሕዋሱን ገና ወጣት ሳለ፣ ግድግዳው ላይ ሳይጣበቅ ስለሚገድለው፣ መዘጋቱን ከምንጩ ያቋርጠዋል።

ሕፃናቱም ቢሆኑ ሁሉም አንድ አለመሆናቸው ኋላ ታወቀ። በ2018 ኒኮል ኦብራየንና ባልደረቦቻቸው የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕፃናትን በዚያው የድምፅ መሣሪያ ሲለኩ፣ በአንዱ ደሙ ከመጠን በላይ ይፈጥናል፣ በሌላው ዝግ ይላል፣ በሌላው ትንንሾቹ ሥሮች የተዘጉ መሆናቸውን የሚጠቁም ቅርጽ ይታያል፣ በሌላው ደግሞ ትልልቁ ሥር ራሱ ተኮማትሯል። በር ላይ ሲታዩ ሁሉም ያው ናቸው፤ ራሱን የሳተ፣ ትኩሳት ያለው ልጅ።

ሕፃኑና አዋቂው ለምን እንደሚለያዩ ገና ክርክር ነው። አንዳንዱ ተመራማሪ የሕፃን አንጎል የራስ ቅሉን ስለሚሞላ ትንሽ እብጠት ይጎዳዋል፣ በዕድሜ ግን ቦታ ይገኛል ይላል። ሌላው ነገሩ ሰውነት ወባን ከመለማመዱ ጋር የተያያዘ ነው ባይ ነው። ከደጋ የወረደው ጎረምሳ ሁለቱን ለመለየት የሚመች ሰው ነው፤ አንጎሉ የአዋቂ፣ ልምዱ የሕፃን። የማላዊን ውጤት እንዳለ ወደ ገንዳ ውኃ መውሰድ ያጠራጥራል የምለውም ለዚህ ነው፤ የሩርኬላው ይቀርበዋል።

መሣሪያው እየቀረበ ነው። በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የሃይፐርፋይን ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ ማግኔቱ 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ መንኰራኩር አለው፣ ከተራ የግድግዳ ሶኬት ይሠራል። ብላንታየርም ገብቶ ተሞክሯል። ደካማ ማግኔት የሚሰጠው ምስል ደብዛዛ ነው። እብጠትን ያሳያል፤ አዋቂውን የሚገድለውን የኦክሲጅን እጥረት በጥራት ማሳየቱ ግን ይከብደዋል። የዓይን ምርመራው እስከዚያ ድረስ አለ። በባንግላዴሽ በ2009 በታተመ ጥናት የሬቲናው ምልክት በአዋቂዎችም ላይ ተገኝቷል፤ በሕፃናት ዘንድ የታየው የደም ሥሮቹ ቀለም መለወጥ ብቻ አልታየም። ለዚህ የሚያስፈልገው የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ፣ መመልከቻውና የሠለጠነ ሰው ነው።